የቢ ሴል ሰሌዳ፦ ከኮምፔንሳቶ፣ ከማግኔትና ከሪሌ (የሥራ ሂደት ማስታወሻ)

ሳምንት 1፣ ሰሌዳውና ሪሴፕተሩ

ምንሠራው ባጭሩ፦ ግድግዳ ላይ ሚሰቀል ሰሌዳ፣ ቢ ሴል (አንቲቦዲ ሚሠራው ነጭ የደም ሴል፣ አንቲቦዲ ደሞ ጀርም ላይ ሚጣበቅ ፕሮቲን) የትኛው ሞለኪውል ሲነካው እንደሚነቃ ተማሪው በእጁ እየገጣጠመ ሚያይበት። ልክ ሲሆን አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ካልሆነ አይበራም። ቦታው ቱሉ ዲምቱ፣ ማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው የሳይንስ ክበብ ነው። ማይክሮስኮፕ አለን፣ ግን ቢ ሴልን በኛ ማይክሮስኮፕ ብታየው ከቲ ሴል፣ ከሌላው የመከላከያ ነጭ ሴል፣ አትለየውም፣ ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ትልቅ ኒውክለስ፣ በቃ። ልዩነታቸው ያለው ገላቸው ላይ በተተከሉት ሞለኪውሎች ነው፣ እነሱን ደሞ በኛ እቃ ማየት አይታሰብም፣ ስለዚ እንሥራቸው ተባለ።

እንጨት፦ አዲስ ኮምፔንሳቶ ዋጋው አይቀመስም። ኮንዶሚኒየሙ ስር ኪችን ካቢኔት ሚሠሩ ልጆች ጋ ቁርጥራጭ ጠየቅን፣ 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሚሆን፣ ጥጉ ትንሽ የተቦደሰ፣ 300 ብር አሉ፣ ለትምህርት ቤት ነው ስንል 250 ሆነ። ሴጌቶ ክበቡ አለው። ትራፓኖ ከጎረቤቴ ተዋስኩ፣ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ናቸው፣ ጋሼ ነው ምላቸው፣ «ፑንታ ከሰበርክ ፑንታ ይዘህ ነው ምትመጣው» ብለው ሰጡኝ።

ቢ ሴል ላይ ያለው ሪሴፕተር፣ ማለት ከውጭ ሚመጣውን ሚይዘው ተቀባይ፣ ራሱ አንቲቦዲ ነው፣ ወደ ደም ሳይለቀቅ ሜምብሬኑ (የሴሉ ሽፋን) ላይ የተተከለ፣ አይጂኤምና አይጂዲ ሚባሉት ዓይነቶች። አንድ ሴል ላይ 100,000 ገደማ ይኖራል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቅርጽ ብቻ ሚያውቁ። እኛ 6 ቆረጥን፣ በዋይ (Y) ቅርጽ።

የመጀመሪያው ዲዛይን ቀላል ነበር። የዋዩ ክንድ ላይ ጥርስ፣ አንቲጅኑ (ሪሴፕተሩ ሚያውቀው ባዕድ ሞለኪውል) ላይ ሚገጥም ጥርስ፣ ሁለቱም ላይ የመዳብ ሽቦ፣ ሲገጥሙ ሰርኪዩቱ ይዘጋል ኤልኢዲው ይበራል። ያው የጓጉንቸርና የቁልፍ ነገር፣ መማሪያ ላይ ሁሌ እንደሚሳለው። ወዲያው ሠራ። ከዛ አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ አንድ ፕሮቲን አንዴ ስለነካው ብቻ ሴሉ ይነሳል? እንደዛ ከሆነማ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ይውላል እኮ» አለች። ጥያቄዋ ዲዛይኑን አፈረሰው።

ምክንያቱም እውነተኛው ሪሴፕተር ራሱ ሽቦ የለውም። ሜምብሬን ላይ ያለው አይጂኤም ወደ ሴሉ ውስጥ ሚገባው ጭራው 3 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፣ በሱ ደሞ ለማንም ምንም መልእክት አይተላለፍም። መልእክቱን ሚያስገቡት አጠገቡ የቆሙት ኢግ አልፋና ኢግ ቤታ ሚባሉት ናቸው፣ ሲዲ79 ሚባሉትም እነሱው ናቸው፣ ረጅም ጭራ አላቸው፣ ጭራቸው ላይ አይታም ሚባል ክፍል አለ፣ ሪሴፕተሮቹ አንድ አንቲጅን ላይ ተሰብስበው ሲጠጋጉ ሊን ሚባለው ኢንዛይም እዛ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፣ ሲክ ሚባለው ደሞ ፎስፌቱ ላይ ተጣብቆ ይነሳል፣ ከዛ ቢቲኬ፣ ካልሲየም፣ እያለ ወደ ኒውክለስ ይወርዳል። ነገሩ ያለው መጠጋጋቱ ላይ ነው። አንዱን ሪሴፕተር ብቻውን ሚነካ ትንሽ ነጠላ ሞለኪውል ሴሉን እምብዛም አይቀሰቅሰውም፣ ባክቴሪያ ግን ገላው ላይ ያንኑ ቅርጽ መቶ ቦታ ደጋግሞ ስለያዘ ብዙ ሪሴፕተር አንድ ላይ ይጎትታል።

ስለዚ ዋዮቹ መንሸራተት አለባቸው። የመጋረጃ ሀዲድ፣ ያ ፕላስቲክ መንኮራኩር ያለው፣ 180 ብር። ስድስቱን ዋይ መንኮራኩሮቹ ላይ ሰቀልን፣ ከእያንዳንዱ ዋይ ግራና ቀኝ አጭር እግር ለጠፍን፣ እግሮቹ ናቸው ኢግ አልፋና ቤታ፣ መዳቡ ያለው እነሱ ላይ ነው፣ ዋዩ ላይ አንድም ሽቦ የለም። ሁለት ዋይ ተጎትተው እግር ለእግር ሲነካኩ ብቻ ኮንታክት ይዘጋል። ሽቦው ከተበላሸ ቻርጀር ገመድ የወጣ ነው፣ ወፍራም የቤት ሽቦ ዋዩን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ ቀጭኑና ብዙ ክር ያለው ነው ሚሆነው።

ሳምንት 2፣ ማግኔት

የእንጨት ጥርስ ለዚ ሰፈር አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል፣ ጥርሱ ውስጥ ይሞላል፣ ማይገጥመው ይገጥማል ሚገጥመው አይገጥምም። ወደ ማግኔት ዞርን።

ሐሳቡ፦ ክንዱ ጫፍ ላይ 3 ማግኔት በመስመር፣ እያንዳንዱ ወይ ሰሜኑ ወይ ደቡቡ ወደ ውጭ፣ ስለዚ 8 ዓይነት ቅርጽ ይወጣል። አንቲጅኑ ላይ ተቃራኒው ሲደረደር ይሳባል፣ ሌላው ይገፋል።

መጀመሪያ የስፒከር ማግኔት ሞከርን። ቆራሌው በሰፈሩ ሲያልፍ ጠርተን ሁለት የተቀደደ ስፒከር በ100 ብር ገዛን፣ ማግኔቱን በመዶሻ ሰባብረን ቁራጭ ቁራጩን ለጠፍን። ጉልበቱ ከልክ በላይ ነው፣ ዋዮቹ አንቲጅን ሳይመጣ እርስ በርስ ተሳስበው ተጣበቁ፣ መብራቱ በራ፣ ማጥፋት አልተቻለም። ልጆቹ ሳቁ ግን ይሄ ነገር በሰው ላይም አለ፦ አንዳንድ የቢ ሴል ሊምፎማ (የቢ ሴል ካንሰር) ላይ የሪሴፕተሩ መስመር ያለማቋረጥ ይበራል፣ ሴሉ ዝም ብሎ ይባዛል፣ ኢብሩቲኒብ ሚባለው መድኃኒት በመስመሩ መሀል ያለውን ቢቲኬን ዘግቶ ነው ሚሠራው፣ አሜሪካ ውስጥ በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ነው የተፈቀደው። ኤልኢዲውን ለማጥፋት ዋዮቹን ከመለያየት ይልቅ ሽቦውን መሀል ላይ መቁረጥ እንደማለት ነው።

ከዛ የቦርሳ መዝጊያ ማግኔት። መርካቶ ምናለሽ ተራ 60 ፍሬ በ480 ብር፣ ትንሽ ትንሽ፣ ጉልበቱ ልከኛ። በሱፐር ግሉ ለጠፍን፣ ሱፐር ግሉ ሳይደርቅ ማግኔቶቹ ተፈናጥረው ጎረቤታቸው ላይ ይለጠፋሉ፣ መፍትሔው አንዱን ለጥፎ እስኪደርቅ መጠበቅና ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው፣ ጊዜ ይበላል፣ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ሳናስበው የመጣ ጥሩ ነገር አለ። ከሦስቱ ሁለቱ ብቻ ሚገጥሙ አንቲጅን ዋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ግን ሰሌዳውን ነቅነቅ ስታደርገው ይወድቃል። ሦስቱም ሚገጥመው አይወድቅም። አፊኒቲ፣ የመግጠሙ ጥንካሬ፣ ምትለው ነገር ይሄው ነው፣ ስንት ክፍለ ጊዜ በቃል ሳስረዳ ኖሬ በአንድ ንቅነቃ ታየ። እውነተኛው ቢ ሴልም በደካማ መግጠም ጀምሮ ነው ወደ ጀርሚናል ሴንተር፣ ሊምፍ እጢ ውስጥ ቢ ሴሎች ሚባዙበት ቦታ፣ ሚገባው፣ እዛ ሲባዛ የሪሴፕተሩን ጂን ሆን ብሎ ይለዋውጣል፣ የተሻለ ሚገጥመው ይቀራል ሌላው ይሞታል። ሰሌዳው ላይ ግን ይሄን አልሠራንም፣ አንድ ሰሌዳ ሁሉን አይችልም።

ሳምንት 3

የፈተና ሳምንት። ቀለም መቀባት ብቻ። ቀለሙ እግሮቹ ላይ ያለውን መዳብ ስለሸፈነው ኮንታክቱ ሁሉ ሞተ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ማውጣት ነው። ቀቢዎቹ ሰባተኛ ክፍሎች ነበሩ፣ ቀለሙ ግን ያምራል።

ሳምንት 4፣ ሁለተኛው ሲግናል

እስካሁን ያለው ሲግናል 1 ነው፣ አንቲጅን ሪሴፕተሮቹን ሰበሰበ። በዚህ ብቻ ለአብዛኛው ፕሮቲን ሴሉ አይነሳም። ብሬቸርና ኮን ሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1970 የጻፉት ሐሳብ ነው መሠረቱ፦ ሲግናል 1 ብቻውን ከመጣ ሴሉ ይጠፋል ወይ ይደነዝዛል፣ ከሲግናል 2 ጋር ከመጣ ይነሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ቢ ሴል ሪሴፕተሩን ሚያገኘው በእጣ ነው፣ ጂኖቹ እየተቆራረጡ ተቀጣጥለው፣ ቶኔጋዋ ሚባል ሳይንቲስት በ1976 ያሳየውና በ1987 ኖቤል ያገኘበት ነገር፣ በእጣ ከሆነ ደሞ አንዳንዱ የገዛ ገላችንን ሚገጥም ይወጣል። ማወቅ ብቻ ከበቃ እነዛ ሁሉ ይነሱብናል።

እዚ ላይ ክርክር ተነሳ። ሁለት ልጆች አርዱዊኖ፣ ኮድ ሚጫንበት ትንሽ ሰርኪዩት ቦርድ፣ እንግዛ አሉ፣ ኮድ እንጽፋለን፣ ሴንሰር ብቻ እንሰካለን፣ አለቀ። ዋጋውን ትተን እንኳን አልተስማማሁም። ኮዱ ውስጥ ሲግናል 1 ካለ ሲግናል 2 ካለ አብራ ብለህ ከጻፍክ ማንም ሰው ጀርባውን ገልብጦ ለምን እንደበራ ሊያይ አይችልም፣ ፕሮግራመሩ ስላለ ነው ሚበራው። ሽቦ ከሆነ ሽቦውን በጣትህ ትከተለዋለህ። አኩርፈዋል፣ ግን አሁን ሪሌ (በኤሌክትሪክ ሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ) ሚበይዱት እነሱው ናቸው።

የቲ ሴሉ ሥራ እንዲ ነው። ቢ ሴሉ የያዘውን አንቲጅን ወደ ውስጥ ይውጠዋል፣ ይቆራርጠዋል፣ ከውስጡ የወጣ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ኤምኤችሲ ክላስ ቱ ሚባል ሰሐን ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ሄልፐር ቲ ሴል ያንን ቁራጭ ካወቀ ሲዲ40 ሊጋንዱን ያወጣና ቢ ሴሉ ላይ ያለውን ሲዲ40 ይነካል፣ ኢንተርሉኪን 4 እና 21 ምናምንም ይረጭበታል። ሲግናል 2 ይሄ ነው።

በእንጨት ስንሠራው አንቲጅኑ ጥቅል ሆነ፣ ክዳን ያለው የክብሪት ቀፎ ዓይነት፣ ውጭው ላይ ማግኔት፣ ውስጡ ካርድ። ልጆቹ ካርዱን ከውጭው ማግኔት ጋ አንድ ዓይነት ቅርጽ አድርገው ቆረጡት፣ ያው አንድ አንቲጅን ስለሆነ ብለው። እዚህ ጋ ነው ሁሉም ሰው ሚስተው፦ ቢ ሴሉ ያወቀውና ቲ ሴሉ ሚያውቀው አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ቢ ሴሉ ያየው ላዩን ነው፣ ስኳርም ሊሆን ይችላል፣ ቲ ሴሉ ሚያየው ሆድ እቃውን ነው፣ ፕሮቲን። መሆን ያለበት አንድ ነገር ነው፣ ሁለቱ ከአንድ ጥቅል መምጣታቸው። ካርዶቹን እንደገና ቆረጥን፣ በሌላ ቅርጽ፣ በቢጫ ቀለም።

ይሄ ሲገባቸው የክትባቱ ነገር በራሱ መጣ። የኒሞኮከስ ወይ የሂብ ባክቴሪያ (ሁለቱም ሳንባ ምችና ማጅራት ገትር ሚያመጡ) ላዩ ስኳር ነው፣ ስኳር ኤምኤችሲ ላይ ካርድ አይሆንም፣ ስለዚ ስኳሩ ብቻውን ሲወጋ ቲ ሴል አይመጣም፣ ብዙ ሪሴፕተር ስለሚጎትት አዋቂ ላይ ቢሠራም ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ላይ እምብዛም ነው። የክትባት ሠሪዎቹ ዘዴ ስኳሩን ፕሮቲን ላይ መለጠፍ ነው፣ ስኳሩን ሚያውቀው ቢ ሴል ፕሮቲኑን አብሮ ይውጣል፣ የፕሮቲኑን ካርድ ያወጣል፣ ቲ ሴል ይመጣለታል። እኛ አገር ሂብ ያለበት ፔንታቫለንት (አምስት በአንድ ክትባት) በ2007 ገባ፣ የኒሞኮከሱ በ2011። መኒንጃይትስ ኤ (ማጅራት ገትር) ላይ የተሠራው ሜንአፍሪቫክም እንደዛው ነው፣ በ2010 መጨረሻ ቡርኪና ፋሶ ላይ ተጀመረ፣ ዋጋው ከ50 ሳንቲም ዶላር በታች እንዲሆን ተብሎ ነው የተሠራው። አሁን ሁለት ጥቅል አለን፦ ሰማያዊው ካርድ የሌለው ባዶ ስኳር፣ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ውስጡ ቢጫ ካርድ ያለው። ክበቡ ውስጥ ታናሽ ወንድሟን ጤና ጣቢያ ወስዳ ያስከተበች ልጅ አለች፣ ሁለተኛውን ጥቅል የወንድሜ ነው ብላ ስሙን ጻፈችበት።

ሳምንት 5፣ ሪሌና ጊዜ

ሲግናል 1ና 2ን በተከታታይ ማብሪያ ማጥፊያ አገናኘን፣ ሁለቱም ሲዘጉ አረንጓዴው ይበራል። ይሠራል፣ ግን ውሸት ነው። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት አይመጡም። ቢ ሴሉ አንቲጅኑን ፎሊክል (ሊምፍ እጢ ውስጥ ያለ የቢ ሴሎች ሰፈር) ውስጥ ያገኛል፣ ይውጣል፣ ከዛ ቲ ሴሎች ወዳሉበት ጠርዝ ይሄዳል፣ ሰዓታት ያልፋሉ። ስለዚ ሲግናል 1 ሲመጣ ሚቆይ ነገር ያስፈልጋል፣ ካልተደገፈ ሚያልቅ።

ካፓሲተር፣ ቻርጅ ይዞ ቀስ እያለ ሚለቅ እቃ። 1000 ማይክሮፋራድ በ22 ኪሎ ኦም፣ 5 ቮልት ላይ ከሞላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይይዛል። በዛ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካርዱን አውጥተህ ሰሐኑ ላይ አድርገህ ቲ ሴሉን ካስጠጋህ አረንጓዴ፣ ካልደረስክ ቀይ።

የገጠመን፦
ሪሌ ከተጣለ ስታቢላይዘር ፈታን፣ በ5 ቮልት ቻርጀር ጭራሽ አይንቀሳቀሱም፣ 12 ቮልት ናቸው ለካ። መርካቶ 5 ቮልቱን በ90 ብር፣ 4 ገዛን።
አንድ ትራንዚስተር ብቻ ስናደርግ ሪሌው ይንቀጠቀጣል፣ ጥርት ብሎ አይዘጋም፣ ቤዙ (የትራንዚስተሩ መግቢያ እግር) ላይ ሚደርሰው ከረንት ሪሌውን ለማንሳት አይበቃም። ሁለት ትራንዚስተር አከታትለን ዳርሊንግተን አደረግነው፣ ቀጥ አለ።
ከዛ ትራንዚስተር መቃጠል ጀመረ። ጋሼን ጠራኋቸው፣ ገና ከበር ላይ ሆነው አዩትና «ዳዮዱስ?» አሉ። የሪሌው ጥቅል ሲለቀቅ ወደ ኋላ ቮልቴጅ ይተፋል፣ ዳዮድ በግልባጭ ካልተደረገለት ትራንዚስተሩን ይበላል። ዳዮድ 5 ብር ነው። ጋሼ ሻይ ጠጥተው የሄዱት አራቱም ላይ ካስበየዱን በኋላ ነው።

ሌላ ችግር፣ ይሄ ያስቃል፦ ሰሌዳው ገና ሲሰካ ቀይ ይበራል። ካፓሲተሩ ባዶ ስለሆነ፣ ባዶ ማለት ደሞ በኛ ሽቦ የደነዘዘ ማለት ነው። ገና ምንም ያላየ ሴልና አይቶ ተስፋ የቆረጠ ሴል አንድ ሆኑ፣ በሰውነት ውስጥ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው፣ ያላየው ዝግጁ ነው፣ አይቶ ረዳት ያጣው ግን አነርጂ ውስጥ ይገባል፣ በኋላ ብትነካውም በቀላሉ አይመልስም። ስለዚ ሦስተኛው ሪሌ ትውስታ ሆነ፣ ሲግናል 1 አንዴ ከመጣ ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል፣ ቀዩ ሚበራው እሱ ከተያዘና ካፓሲተሩ ካለቀ ብቻ ነው። አራተኛው አረንጓዴውን ይይዛል፣ ቀዩንም ያቋርጣል። መልሶ ለመጀመር አንድ ቁልፍ፣ የበር ደወል ቁልፍ ነው፣ 40 ብር።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ትውስታውን ያጣል። ፓወር ባንክ ላይ ሰካነው።

ሳምንት 6፣ ኮምፕሊመንት

እዚ ሳምንት ላይ ነው ሰሌዳው ራሱ ያስተማረን።

ስንት ዋይ ሲጠጋጋ ነው ሚበቃው? ይሄን በሬዚስተር ሠራነው። እያንዳንዱ የተነካካ ጥንድ 100 ኪሎ ኦም ያስገባል፣ ከታች 15 ኪሎ ኦም ወደ መሬት። ዳርሊንግተኑ ሚነሳው ከ1.3 ቮልት አካባቢ ጀምሮ ነው። አንድ ጥንድ 0.65 ቮልት፣ ሁለት 1.15፣ ሦስት 1.55። በቴስተር ስንለካ ከስሌቱ ብዙም አልራቀም። ስለዚ ሦስት ጥንድ ያስፈልጋል።

አሁን ሲዲ21። ኮምፕሊመንት (ደም ውስጥ ያሉ፣ ጀርም ላይ ሚለጠፉ ፕሮቲኖች) ባክቴሪያ ላይ ሲነሳ ሲ3ዲ ሚባል ምልክት ለጥፎበት ይሄዳል። ቢ ሴሉ ሪሴፕተሩ አጠገብ ሲዲ21፣ ሲዲ19ና ሲዲ81 ሚባሉ ሦስት ሞለኪውሎች ተያይዘው አሉት፣ ሲዲ21 ምልክቱን ይይዛል፣ ሲዲ19 ውስጥ ሲግናሉን ያጎላል። በ1996 የወጣ የአይጥ ሙከራ አለ፣ የእንቁላል ላይሶዛይም ላይ ሦስት ሲ3ዲ ሲለጥፉበት ከባዶው በ10,000 እጥፍ ያነሰ መጠን በቃ፣ ሁለት ሲለጥፉ በ1,000 እጥፍ። ማለት ሰውነት አንዴ ይሄ ጠላት ነው ብሎ ምልክት ካደረገበት ቢ ሴሉ ትንሽ ቢያይም ያምናል።

ሠራነው፣ ከዋዩ ጎን መንጠቆ፣ ጥቅሉ ላይ ቀይ ቀለበት፣ ሲነካኩ 22 ኪሎ ኦም ይጨመራል። አንድ ጥንድ ዋይና ቀለበት ሲሆን 2.27 ቮልት፣ ያነሳዋል። እልል ተባለ። ከዛ አንዱ ቀለበቱን ብቻ፣ ያለምንም አንቲጅን፣ መንጠቆው ላይ አንጠለጠለው። በራ። ስናሰላው 22 ኪሎ ኦም ብቻውን 2 ቮልት ይሰጣል፣ ከ1.3 በላይ ነው።

ማለት የኛ ቢ ሴል ሪሴፕተሩን ሳያማክር ኮምፕሊመንት የነካውን ሁሉ ይነሳበታል። ኮምፕሊመንት ደሞ ምርጫ የለውም፣ ለየትኛው ቢ ሴል እንደሆነ አያውቅም፣ እንደዛ ቢሆን አንድ ባክቴሪያ ሲገባ ሁሉም ቢ ሴል አንድ ላይ ይነሳል። ሬዚስተሩን ብናሳድገው አሰብን፣ 47 ኪሎ ስናደርገው ብቻውን 1.2 ይሰጣል፣ ለጥቂት አይነሳም፣ ግን ቻርጀሩ ትንሽ ከፍ ሲል ይነሳል፣ ቀጭን መስመር ላይ መሄድ ነው። መፍትሔው ሽቦውን ማዛወር ነበር፦ የመንጠቆው ሬዚስተር ከ5 ቮልቱ ቀጥታ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጥንድ ኮንታክት በኋላ እንዲወስድ። ጥንዱ ካልተዘጋ መንጠቆው ጋ ቮልት አይደርስም። ማጉያ ሆነ እንጂ ማብሪያ አልሆነም። ሲዲ21 ኮሪሴፕተር ሚባለውም ለዚ ነው፣ አንቲጅኑ ሪሴፕተሩንና ሲዲ21ን አንድ ላይ ሲያያይዝ ነው ጉልበቱ ሚወጣው። ቦታው ነው ትርጉሙን ሚሰጠው። ይሄ አርዱዊኖ ላይ ቢሆን አንድ መስመር ኮድ ተጨምሮ ያልፍ ነበር፣ ማንም አያየውም።

ሲዲ21 በነገራችን ላይ ኤፕስቲን ባር ቫይረስ ቢ ሴል ውስጥ ሚገባበት በርም ነው። ለዚህ ግን መንጠቆ አልሠራንም።

ሳምንት 7፣ ቶል ላይክ

ቶል ላይክ ሪሴፕተሮች የጀርም ምልክት ሚያውቁ ሌሎች ተቀባዮች ናቸው። ቶል ላይክ 9 ሴሉ ውስጥ፣ ኢንዶዞም ሚባለው ከረጢት ውስጥ ነው ያለው፣ ባክቴሪያ ላይ ሚበዛውን ዓይነት ዲኤንኤ ያውቃል። ቢ ሴሉ በሪሴፕተሩ የያዘውን ሲውጥ ውስጡ ዲኤንኤ ካለ እዛ ይነካዋል፣ ለሴሉ ተጨማሪ ግፊት ነው። ሰውነት ጀርምን በቶልና በቶል ላይክ እንደሚያውቅ ባሳዩት ሥራ ሆፍማንና ቦይትለር በ2011 ኖቤል ተካፍለዋል። ብዙ ጽሑፍ ላይ ኤልፒኤስ (የባክቴሪያ ሽፋን ክፍል፣ ቶል ላይክ 4 ሚያውቀው) ቢ ሴልን ያስነሳል ሚለው የአይጥ ነው፣ የሰው ቢ ሴል ላይ ቶል ላይክ 4 የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ 9ኙን መረጥን።

እቃው የበር አላርም ማግኔት ሴንሰር፣ ውስጡ ሪድ ስዊች ነው፣ 120 ብር። ማግኔት ሲጠጋው ይዘጋል። ዲኤንኤ ካርዱ ላይ አንድ ማግኔት።

ሰሌዳው ፊት ላይ ስናስቀምጠው ለማንኛውም ጥቅል ይዘጋል፣ ጥቅሎቹ ሁሉ ማግኔት አለባቸው እኮ፣ ዋዮቹም። ወደ ጀርባ፣ ከሀዲዱ ራቅ አድርገን ሳጥን ውስጥ አስገባነው፣ ካርዱ በቀዳዳ ሲገባ ብቻ ሚደርስበት። ሴሉም ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ ዲኤንኤ የኛም ሴል አለው፣ ሲሞት ይበተናል፣ ቶል ላይክ 9 ውጭ ላይ ቢሆን የገዛ ፍርስራሻችን ያስነሳው ነበር። ግን መከላከያው ፍጹም አይደለም፣ የራስን ዲኤንኤ ሚያውቅ ሪሴፕተር ያለው ቢ ሴል ካለ እሱ ራሱ በእጁ ጎትቶ ያስገባዋል፣ ሉፐስ (ሰውነት ራሱን ሚያጠቃበት በሽታ) ላይ አንዱ መንገድ ይሄ ነው።

ሳምንት 8፣ ፍሬንና ሁለት መብራት

ፍሬኑ፣ ሴሉን ሚያቆመው፣ ኤፍሲ ጋማ 2ቢ ሚባል ሪሴፕተር ነው። አንቲጅኑ አስቀድሞ በአይጂጂ (ከአይጂኤም በኋላ ሚመጣው የአንቲቦዲ ዓይነት) ከተሸፈነ፣ ማለት አንቲቦዲ በበቂ ካለ፣ ያ አይጂጂ ጭራው ይሄን ፍሬን ከሪሴፕተሩ ጋ ያያይዛል፣ ሲግናሉ ይቆማል። ሁሌ የተዘጋ ኮንታክት፣ ሲነካ ሚከፈት፣ የፍሪጅ በር ማብሪያ ተጠቀምን። ምንም ችግር አልነበረውም፣ ከሁሉ ቀላሉ ይሄ ሆነ።

ከዛ የቢቲኬን ሽቦ ተነቃይ እናድርግ ብለን ነበር። ብሩተን ሚባል ሐኪም በ1952 አንቲቦዲ ስለሌለው ልጅ ጽፎ፣ ጂኑ በ1993 ተገኝቶ፣ ስሙም ከሱ የመጣ ነው፣ ጥሩ ታሪክ ነው፣ ሽቦውን ትነቅላለህ መብራቱ ይጠፋል። ተውነው። እነዛ ልጆች ላይ ቢ ሴሉ ቆሞ ዝም አላለም፣ መቅኔ ውስጥ ሳያድግ ነው ሚቀረው፣ ደም ውስጥ ቢ ሴል የለም ማለት ይቻላል። ሽቦ ብትነቅል ሙሉ ሰሌዳ ተሰቅሎ መብራት ብቻ ይጠፋል፣ ያ ሌላ ነገር ነው ሚያሳየው።

ተነቃይ ያደረግነው ሲዲ40 ሊጋንድን ነው። ግን እሱን ነቅለን አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ይሄም ልክ አልመጣም። ሲዲ40 ሊጋንድ የሌላቸው ልጆች አይጂኤም አላቸው፣ ብዙ ጊዜም ከፍ ብሎ፣ ሌሎቹን ነው ያጡት፣ ሃይፐር አይጂኤም ሚባለው ለዛ ነው። ስለዚ አረንጓዴውን ለሁለት ከፈልነው፦ አንድ ኤልኢዲ ለአይጂኤም፣ አንድ ለአይጂጂ። ካርድ አልባው ሰማያዊ ስኳር ብዙ ዋይ ስለሚሰበስብ አይጂኤሙን ብቻ ያበራል፣ ቢጫ ካርድ ያለው ሁለቱንም፣ ሊጋንዱ ሲነቀል አይጂጂው ይጠፋል። ለስኳሩ የራሱ መስመር አስፈለገው፣ አምስት ጥንድ ሙሉ ሲነካካ ብቻ ቲ ሴል ሳይጠብቅ ሚያልፍ፣ ዋይ 6 ብቻ ስለሆነ ሁሉም ዳር እስከ ዳር መሰብሰብ አለባቸው ማለት ነው፣ ለዛ የስኳሩ ጥቅል ረጅም ሆኖ ተሠራ።

ወጪ እስካሁን፦ እንጨት 250፣ ሀዲድ 180፣ ስፒከር 100፣ ማግኔት 480፣ ሪሌ 360፣ ደወል ቁልፍ 40፣ ሴንሰር 120፣ ትራንዚስተር ሬዚስተር ካፓሲተር ዳዮድ ኤልኢዲ ተደማምሮ 420፣ ሱፐር ግሉ ናስትሮና ሶልደር 310። ትራንስፖርት አልተቆጠረም፣ ፑንታው ግን ተሰብሮ ነበር፣ 70 ብር።

የቀረው፦ ስሞቹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ መለጠፍ። አራተኛው ዋይ መንኮራኩሩ ወልቋል፣ ሀዲዱ ሳይፈታ አይገባም። የስኳሩ መስመር ላይ አምስተኛው ጥንድ አንዳንዴ አይነካካም፣ መዳቡ ታጥፎ ይሁን ቀለም ቀርቶበት ሰኞ በቴስተር እናየዋለን።